በስፍራ መቍጠርና በስም መጥራት
ሙሉ ሠንጠረዥን በስፕሬድሺት ቀመር ስለ መጥቀስ የቀረበ ሂስ

1. መግቢያ

የመምህር የስም መጥሪያ መዝገብ በትምህርት ቤት ከሚያዙ ጽሑፎች ሁሉ ቀደምቱና ታማኙ ነው። መምህሩ ማለዳ መዝገቡን ገልጦ የሚጠራው ስም ነው፤ «ከአንደኛው መስመር እስከ አርባኛው መስመር ያላችሁ ሁሉ ተገኝታችኋልን?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር የለም። ቢኖር ኖሮ በአርባ አንደኛው መስመር የተጻፈው ልጅ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ እንዳልመጣ በተቈጠረ ነበር።

በዛሬው ጊዜ ይህ መዝገብ በብዙ ትምህርት ቤቶችና የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ወደ ኮምፒዩተር ተላልፏል። ውጤት የሚደመረው፣ ደረጃ የሚወጣው፣ ለክፍሉ የሚያስፈልገው የመጻሕፍት ብዛት የሚሰላው ስፕሬድሺት በሚባለው የሠንጠረዥ ማስሊያ ፕሮግራም፣ ይልቁንም በማይክሮሶፍት ኤክሴል ነው። ሥራው በመፋጠኑ መምህሩም የዕቅድ ባለሙያውም ተጠቅመዋል። ይሁን እንጂ መዝገቡ ወደ ኮምፒዩተር ሲሻገር ከመምህሩ መልካም ልማዶች አንዱ ከኋላ ቀርቷል፤ እርሱም በስም መጥራት ነው። በስፕሬድሺት የሚሠሩት ቀመሮች አብዛኞቹ የሚቈጥሩት መስመርን ስለሆነ፣ ከመስመሩ ውጭ የተጻፈ ተማሪ ሳይቈጠር ይቀራል፤ መቅረቱንም የሚያስታውቅ ምልክት የለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድን ሙሉ ሠንጠረዥ በቀመር ውስጥ የመጥቀሻ መንገዶችን መርምሮ፣ የተለመደው የትምህርቱ አሰጣጥ የቱ ላይ እንደሚጐድል፣ ለጉድለቱ መድኀኒት ተብለው ከሚቀርቡት ዘዴዎችም የትኛው በእርግጥ እንደሚፈውስ ለይቶ ማሳየት ነው።

2. የሕዋስ አድራሻ አመጣጥና ጠባይ

ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን እ.ኤ.አ. በ1979 ለአፕል ሁለት ኮምፒዩተር ያቀረቡት ቪዚካልክ የተባለው ፕሮግራም የዛሬዎቹ የስፕሬድሺት ፕሮግራሞች ሁሉ አባት ነው። ዐምዶችን በላቲን ፊደላት፣ ረድፎችን በቍጥር በመሰየም፣ ሁለቱ የሚገናኙበት እያንዳንዱ ሳጥን፣ ማለትም ሕዋስ፣ የራሱ አድራሻ እንዲኖረው አደረገ። ኤ1፣ ቢ7፣ ዲ41 የሚባሉት አድራሻዎች የመጡት ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 መጀመሪያ ለማኪንቶሽ ኮምፒዩተር የወጣው ኤክሴልም ይህንኑ አድራሻ ተቀብሎ አስፋፋው።

አሠራሩ ቀላልና ብልኀት ያለበት መሆኑ አይካድም። ሂሳብ ሠራተኛው ያለ ፕሮግራም አዋቂ ርዳታ የራሱን ስሌት ለማዋቀር የቻለው በዚህ አድራሻ አማካይነት ነው። ነገር ግን አድራሻው የሚያመለክተው ስፍራን ብቻ መሆኑን ማስተዋል ያሻል። «ከዲ2 እስከ ዲ41 ያለውን ደምር» የሚል ቀመር ስለ ተማሪ የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚያውቀው አርባ ሳጥኖችን ነው። በሳጥኖቹ ውስጥ ውጤት ቢኖር ይደምራል፤ ባዶ ቢሆኑ ያልፋል፤ ከእነርሱ በታች ሌላ ውጤት ቢጻፍ አያይም።

እዚህ ላይ ብዙ መምህራንን የሚያዘናጋ አንድ የፕሮግራሙ ጠባይ አለ። በወሰኑ መካከል፣ ለምሳሌ በሃያኛው ረድፍ ላይ፣ አዲስ ረድፍ ቢገባ ቀመሩ ወሰኑን በራሱ አስፍቶ እስከ ዲ42 ይደርሳል። ይህን ያየ ተጠቃሚ ቀመሩ ሁልጊዜ ራሱን የሚያስተካክል ይመስለዋል። አዲሱ ስም ከመጨረሻው ረድፍ በታች በተጻፈ ጊዜ ግን ወሰኑ እንደ ነበረ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። በተማሪዎች ዝርዝር ደግሞ አዲስ ስም የሚጻፈው ወትሮም ከግርጌ ነው፤ ዝርዝሩ በመስከረም በፊደል ተራ ከተሰደረና ለእያንዳንዱ ተማሪ ተራ ቍጥር ከተሰጠ በኋላ የሚመጣው ልጅ በመካከል የሚገባበት ቦታ የለውምና።

3. የአርባ ሦስቱ ተማሪዎች ምሳሌ

ነገሩን በቍጥር ለማስረዳት አንድ የስምንተኛ ክፍል ምድብ በምሳሌነት ይታሰብ። በመስከረም 40 ተማሪዎች ተመዝግበው ስማቸው ከ2ኛው እስከ 41ኛው ረድፍ ተጻፈ። የሒሳብ ትምህርት አማካይ ውጤት የሚያወጣው ቀመርም ከዲ2 እስከ ዲ41 ተደረገ። በጥቅምት ሦስት ልጆች ተጨመሩ፤ አንዱ በመኸር ሥራ የዘገየ፣ ሌላይቱ ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራ የመጣች፣ ሦስተኛው ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣ ነው። ስማቸውም ከ42ኛው እስከ 44ኛው ረድፍ ሰፈረ።

በመንፈቀ ዓመቱ ፈተና የአርባዎቹ አማካይ ውጤት 62 ሆነ እንበል። ሦስቱ ልጆች ብዙ ትምህርት አምልጧቸዋልና 35፣ 38 እና 41 አገኙ። ቀመሩ የክፍሉን አማካይ 62 ብሎ ያቀርባል፤ እውነተኛው አማካይ ግን 60.3 ነው። ልዩነቱ ሁለት ነጥብ እንኳ የማይሞላ በመሆኑ ማንም አይጠራጠርም። ጕዳቱ የሚታየው በሌላው ቀመር ላይ ነው። ከ50 በታች ያገኙትን የሚቈጥረው ቀመር ከአርባዎቹ መካከል 6 ተማሪዎችን ቢያወጣ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት የሚዘጋጀው ለ6 ተማሪዎች ይሆናል። እውነተኛው ቍጥር 9 ነው። ከዝርዝሩ የወጡት ሦስቱ ከሁሉ ይልቅ ማጠናከሪያው የሚያስፈልጋቸው ሦስቱ ናቸው።

ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር እጅግ ከባድ ነው። በስፍራ የሚቈጥር ቀመር የሚጥለው ተማሪ በዕጣ የሚወጣ አይደለም። በመስከረም በሰዓቱ የተመዘገበውን አይነካም፤ የሚጥለው ዘግይቶ የመጣውን፣ የተዛወረውን፣ የተፈናቀለውን ነው። አስቀድሞ ችግር የደረሰበት ልጅ በስሌቱም ሁለተኛ ጊዜ ይገፋል ማለት ነው።

ጕዳቱ ከክፍል ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ ሲሄድ ይበዛል። በአንድ ወረዳ 30 ትምህርት ቤቶች ቢኖሩ፣ እያንዳንዱም 12 ምድቦች ቢኖሩት፣ ከየምድቡ አንድ ተማሪ ብቻ ቢዘለል የወረዳው ድምር በ360 ልጆች ያንሳል። መጽሐፍ፣ መቀመጫና የትምህርት ቤት ድጎማ በተማሪ ቍጥር ልክ በሚታደሉበት ጊዜ ይህ ጉድለት በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይሆንም።

ደረጃ በማውጣት ጊዜ ደግሞ የዚሁ ችግር ሌላ መልክ ይታያል። ራንክ የተባለው የደረጃ ማውጫ ትእዛዝ ወሰኑ በዶላር ምልክት ሳይታሰር ወደ ታች ከተቀዳ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ ወሰኑ አንድ ደረጃ ይወርዳል። ሁለተኛው ተማሪ የሚወዳደረው የመጀመሪያው ተማሪ በሌለበት፣ ዐሥረኛው ደግሞ ዘጠኙ ከላዩ በሌሉበት ይሆናል። በውጤቱም በአንድ ክፍል ሦስት «አንደኛ» ሊወጣ ይችላል። ይህን ስሕተት ወላጅ ካርድ ይዞ ሲመጣ ለማስተካከል ከመድከም መነሻውን መመርመር ይሻላል።

4. በሊቃውንት ላይ የደረሰ ተመሳሳይ ስሕተት

ይህ ዐይነቱ ስሕተት የጀማሪዎች ብቻ ነው የሚል ካለ፣ የሚከተለውን በይፋ የታወቀ ጉዳይ ማጤን ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የኢኮኖሚ ሊቃውንቱ ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ በመንግሥታት ዕዳና በኢኮኖሚ ዕድገት መካከል ስላለው ግንኙነት አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ዕዳቸው ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርታቸው 90 በመቶ በላይ የሆነ የበለጸጉ አገሮች አማካይ ዕድገት በጥናቱ ከዜሮ በታች 0.1 በመቶ ሆኖ ቀረበ። ጥናቱ በብዙ አገሮች የበጀት ክርክር ውስጥ በማስረጃነት ተጠቀሰ።

እ.ኤ.አ. በ2013 በአምኸርስት የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ቶማስ ሄርንደን ከመምህራኑ ከማይክል አሽና ከሮበርት ፖሊን ጋር ስሌቱን ደግሞ ሲሠራ፣ ከተገኙት ጉድለቶች አንዱ የኤክሴል ቀመሩ ወሰን ሆነ። አማካዩን የሚያወጣው ቀመር ከ30ኛው እስከ 49ኛው ረድፍ መድረስ ሲገባው በ44ኛው ቆሞ ነበር። ስለዚህም ከሃያዎቹ አገሮች አምስቱ፣ ማለትም አውስትራሊያ፣ ኦስትሪያ፣ ቤልጅግ፣ ካናዳና ዴንማርክ፣ ከስሌቱ ወጥተዋል። ሦስቱ ተመራማሪዎች ያገኙት የተስተካከለ አማካይ 2.2 በመቶ ነበር።

በፍርድ ሚዛናዊ ለመሆን ሁለት ነገሮችን መጨመር ይገባል። የልዩነቱ ትልቁ ክፍል የመጣው ከሌሎች የአሠራር ምርጫዎች ሲሆን፣ የወሰኑ ስሕተት ድርሻ 0.3 ነጥብ ያህል ነው። ራይንሃርትና ሮጎፍም የቀመሩን ስሕተት አምነው፣ ከፍተኛ ዕዳ ከዝቅተኛ ዕድገት ጋር ይያያዛል የሚለውን አሳባቸውን ግን አልለወጡም። ለትምህርት ባለሙያ የሚጠቅመው ነጥብ ግን ሌላ ነው፤ አምስት አገሮች ከስሌት ወጥተው ሦስት ዓመት ያህል ያላስተዋለ ዓለም፣ ከስምንተኛ ክፍል የጐደሉ ሦስት ልጆችን ያስተውላል ተብሎ አይጠበቅም።

5. ሠንጠረዥን በስም የመጥቀስ ዘዴ

ኤክሴል እ.ኤ.አ. በ2007 እትሙ ለዚህ ችግር አንድ መልካም መፍትሔ አቀረበ። ተጠቃሚው ዝርዝሩን ይዞ «ኢንሰርት» በሚለው ሥር «ቴብል» የሚለውን ሲመርጥ፣ ዝርዝሩ ስም ያለው አንድ ሠንጠረዥ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ቀመሩ ሠንጠረዡንና ዐምዱን በስማቸው ይጠራል። ለምሳሌ፦

=ሰም(ስምንት_ሀ[ሒሳብ])

ሰም የተባለው የመደመሪያ ትእዛዝ በኮምፒዩተሩ ላይ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ሲሆን፣ የሠንጠረዡና የዐምዱ ስም ግን በራሳችን ፊደል ሊሆን ይችላል። የሠንጠረዡ ስም በቍጥር አይጀምርም፤ በመካከሉም ባዶ ቦታ አይገባበትም። «8 ሀ» ተብሎ የማይጻፈው ስለዚህ ነው።

የዚህ ዘዴ ጥቅም ሦስት ነው። አንደኛ፣ ከመጨረሻው ረድፍ በታች አዲስ ስም ሲጻፍ ሠንጠረዡ ራሱ ይሰፋል፤ ቀመሩም ሠንጠረዡን እንጂ ረድፍን አልጠቀሰምና አዲሱን ልጅ ወዲያው ያገኘዋል። ሁለተኛ፣ በአንዱ ዐምድ የተሠራ ቀመር እስከ መጨረሻው ረድፍ በራሱ ስለሚሞላ፣ ለአዲሱ ልጅ የድምር ቀመር መቅዳት ተረስቶ አይቀርም። ሦስተኛ፣ ቀመሩ የሚነበብ ይሆናል። «ከዲ2 እስከ ዲ41» የሚለውን ያየ ርእሰ መምህር ዲ የተባለው ዐምድ ሒሳብ ይሁን አማርኛ ሄዶ ማየት አለበት፤ «ስምንት_ሀ[ሒሳብ]» የሚለውን ያየ ግን ሳይጠይቅ ያውቃል። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንዲሉ፣ በጥንቃቄ የወጣ ስም ለሚቀጥለው መዝገብ ያዥ የቃል ኪዳን ያህል ነው።

በዚህ ፈንታ አንዳንዶች ሙሉውን ዐምድ፣ ማለትም ዲ የተባለውን ዐምድ ከላይ እስከ ታች፣ በቀመር ይጠቅሳሉ። ይህም አዲሱን ልጅ ያገኘዋል፤ ነገር ግን ከዝርዝሩ በታች የተጻፈውን ድምር፣ የአምናውን ማስታወሻ፣ ሌላውንም ቍጥር ሁሉ አብሮ ይሰበስባል። መረቡ ሰፊ በመሆኑ ዓሣውንም ጭቃውንም ያወጣል።

6. ስምን በጽሑፍ የማቀናበር ፈሊጥና ጉድለቱ

ሠንጠረዦች ስም ካገኙ በኋላ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። አንድ ትምህርት ቤት ስምንት_ሀ፣ ስምንት_ለ፣ ስምንት_ሐ የተባሉ ሦስት ሠንጠረዦች ቢኖሩት፣ ርእሰ መምህሩ በአንድ ሕዋስ ውስጥ የምድቡን ስም ሲጽፍ የዚያው ምድብ ውጤት እንዲወጣለት ይፈልጋል። ቀመሩ ሠንጠረዡን እንደ ሁኔታው እየለዋወጠ መጥቀስ አለበት ማለት ነው። ለዚህ በስፋት የሚመከረው ኢንዳይሬክት የተባለው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ጽሑፍን ተቀብሎ ወደ እውነተኛ ማጣቀሻ ይለውጣል። የሠንጠረዡ ስም በቢ1 ላይ ቢጻፍ ቀመሩ እንዲህ ይሆናል፦

=አቨሬጅ(ኢንዳይሬክት(ቢ1&"[ሒሳብ]"))

በመጀመሪያ እይታ ቀመሩ የሚያስደንቅ ነው። አንድ ቃል በመለወጥ የሦስት ምድቦችን ውጤት ያፈራርቃል። ብዙ አሠልጣኞችም የችሎታ ማሳያ አድርገው ያቀርቡታል። ሲመረመር ግን ከእጅ አይሻል ዶማ የሚያሰኙ አራት ጉድለቶች አሉበት።

የመጀመሪያው፣ ጽሑፍ የሆነ ስም ከሠንጠረዡ ጋር ሕያው ግንኙነት የለውም። የሠንጠረዡ ስም ቢለወጥ በትክክል የተጠቀሰው ቀመር አብሮ ይለወጣል፤ በጽሑፍ የተቀናበረው ግን የቀድሞውን ስም እየጠራ የስሕተት ምልክት ያወጣል።

ሁለተኛው፣ ቀመሩ ከየት እንደሚቀዳ አይታይም። ኤክሴል የአንድን ቀመር ምንጮች በቀስት የሚያሳይበት መሣሪያ አለው፤ በጽሑፍ ውስጥ የተሸሸገውን ሠንጠረዥ ግን ቀስቱ አያገኘውም። መምህሩ ተዛውሮ ሌላ ሰው መዝገቡን ሲረከብ ሥራውን መርምሮ ለመረዳት ይቸገራል።

ሦስተኛው፣ ኢንዳይሬክት በፋይሉ ላይ የሆነ ነገር በተለወጠ ቍጥር ሁሉ እንደገና የሚሰላ ትእዛዝ ነው። ኦፍሴት የተባለውም እንዲሁ ነው። በመቶ የሚቈጠሩ እንዲህ ያሉ ቀመሮች በአንድ ፋይል ቢበዙ፣ አሮጌ ኮምፒዩተር በአንድ ቍጥር መጻፍ ብዙ ሊያዘግም ይችላል።

አራተኛው ጉድለት የአማርኛ ጸሐፊን በተለይ የሚመለከት ነው። በአማርኛ በድምፅ የሚመሳሰሉ ፊደላት እያፈራረቁ መጻፍ የተለመደ ነው። ለአንባቢ «ሒሳብ» እና «ሂሳብ»፣ «ሠንጠረዥ» እና «ሰንጠረዥ» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ፈጽመው የተለያዩ ቃላት ናቸው። ርእሰ መምህሩ «ስምንት_ሀ» በማለት ፈንታ «ስምንት_ሃ» ብሎ ቢጽፍ ቀመሩ አይሠራም፤ እርሱም በዐይኑ ልዩነቱን ቶሎ አያገኘውም።

ይህ ማለት ኢንዳይሬክት ጨርሶ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ለምሳሌ ተጠቃሚው ከተዘጋጀ ዝርዝር ብቻ እንዲመርጥ የሚያስገድደው መሣሪያ የሠንጠረዥን ስም በቀጥታ ስለማይቀበል፣ በኢንዳይሬክት ወይም አስቀድሞ በተሰየመ ወሰን ማለፍ ግድ ይላል። የሚመረጡት ሠንጠረዦች ጥቂት ከሆኑም ቹዝ የተባለው ትእዛዝ ይሻላል፤ በተራ ቍጥር 1፣ 2 ወይም 3 ሲሰጠው ከተዘረዘሩት ሠንጠረዦች አንዱን ይመርጣል። ሠንጠረዦቹ በቀመሩ ውስጥ በእውነተኛ ስማቸው ስለሚቆሙ፣ ስማቸው ቢለወጥ ቀመሩ ይከተላል፤ ቀስቱም ያገኛቸዋል።

7. ሦስት ሠንጠረዥ ወይስ አንድ?

እስካሁን የቀረበው ሂስ በመሣሪያው ላይ ነበር። ጠለቅ ብሎ ላየው ግን ስሕተቱ ከቀመሩ በፊት የተሠራ ነው። ስምንት_ሀ፣ ስምንት_ለና ስምንት_ሐ ለምን ሦስት ሠንጠረዦች ሆኑ? በወረቀት ዘመን እያንዳንዱ የክፍል ኀላፊ የራሱ መዝገብ ስለ ነበረው ነው። በሦስቱ ውስጥ የተጻፈው ግን አንድ ዐይነት ነገር ነው፤ ስም፣ ጾታ፣ የየትምህርቱ ውጤት። ልዩነታቸው ምድቡ ብቻ ነው። ምድብ ደግሞ ስለ ተማሪው የሚነገር አንድ መረጃ ስለሆነ፣ ቦታው ከሠንጠረዡ ስም ላይ ሳይሆን ከሠንጠረዡ ውስጥ በአንድ ዐምድ ነው።

ስለዚህም «ተማሪዎች» የተባለ አንድ ሠንጠረዥ ቢዘጋጅ፣ በውስጡም «ክፍል» እና «ምድብ» የሚሉ ዐምዶች ቢኖሩ፣ ርእሰ መምህሩ የፈለገው ነገር ያለ ኢንዳይሬክት ይገኛል፦

=አቨሬጅኢፍስ(ተማሪዎች[ሒሳብ],ተማሪዎች[ምድብ],ቢ1)

ይህ ትእዛዝ እንደ ሠንጠረዡ ሁሉ ከ2007 እትም ጀምሮ ያለ በመሆኑ በአሮጌ ኮምፒዩተርም ይሠራል። ተማሪ ከምድብ ሀ ወደ ምድብ ለ ቢዛወር ረድፉን ቈርጦ መለጠፍ አያስፈልግም፤ አንድ ፊደል መለወጥ ይበቃል። የክፍል ኀላፊውም የራሱን ምድብ ብቻ ለማየት ሠንጠረዡን በማጥለያው ሊያጠራ ይችላል። ሠንጠረዥን እንደ ሁኔታው እየለዋወጡ የመጥቀስ ፍላጎት ሲነሣ እንግዲህ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው፣ አንድ የሆነው ነገር ያለ ምክንያት ተከፋፍሎ እንደ ሆነ ነው።

በእውነት የተለያዩ ሠንጠረዦች መኖራቸው ግን የታወቀ ነው። የተማሪዎች ዝርዝር፣ የመጻሕፍት ክምችትና የመምህራን ድልድል አንድ ሠንጠረዥ ሊሆኑ አይችሉም፤ ዐምዶቻቸው ይለያያሉና። እነዚህ ለየብቻ ተሰይመው መያዝ አለባቸው።

አንድ ሠንጠረዥ ማድረግም የራሱ አደጋ አለው። «ሀ» በሚለው ፈንታ «ሃ» ተብሎ በምድብ ዐምድ የተጻፈ ልጅ ከየትኛውም ምድብ ስሌት ይወጣል፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ የስሕተት ምልክት እንኳ አይታይም። ስለዚህ የምድብ ዐምዱ ከተዘጋጀ ዝርዝር ተመርጦ እንጂ በእጅ ተጽፎ መሞላት የለበትም። የምድቦቹ ድምርም ከሠንጠረዡ ጠቅላላ የረድፍ ብዛት ጋር እኩል መሆኑን የሚያረጋግጥ አንድ ቀመር በፋይሉ ራስጌ መቀመጥ አለበት።

8. የሠንጠረዥ ስም የማይፈታቸው ችግሮች

በስም የመጥቀስ ዘዴ የተመሰገነውን ያህል ድክመቱም ሊነገር ይገባል። ፋይሉ እንዳይበላሽ ተብሎ ገጹ በይለፍ ቃል ሲዘጋ ሠንጠረዡ ከግርጌው መስፋት ያቆማል። ቀመርን ለመጠበቅ የተደረገው ጥንቃቄ አዲሱን ልጅ በር ላይ ያስቀረዋል ማለት ነው። ዝርዝሩ ባልተቈለፈ ገጽ፣ ማጠቃለያው በተቈለፈ ሌላ ገጽ ቢሆን ሁለቱም ይጠበቃሉ።

ቀመሩ በመዳፊት ወደ ጎን ሲጎተትም የዐምዱ ስም አብሮ ይፈልሳል፤ ሒሳብ የነበረው አማርኛ ይሆናል። ቀመሩን ገልብጦ በመለጠፍ ግን ስሙ እንደ ቆመ ይቀራል። ይህ ልዩነት ካልተነገረው ጀማሪው ያለ ጥፋቱ ይሳሳታል።

ከሁሉ የሚከብደው በወረዳ ደረጃ ያለው ሥራ ነው። የሌላ ፋይል ሠንጠረዥን በስም የሚጠራ ቀመር ያ ፋይል ካልተከፈተ በትክክል አይሠራም፤ ኢንዳይሬክትም ከዚህ አያመልጥም። ሠላሳ ትምህርት ቤቶች የላኳቸውን ሠላሳ ፋይሎች ከፍቶ ማስቀመጥ ደግሞ የሚቻል አይደለም። ለዚህ የሚበጀው እ.ኤ.አ. ከ2016 እትም ጀምሮ በኤክሴል ውስጥ የገባው ፓወር ኩዌሪ የተባለው መሣሪያ ሲሆን፣ በአንድ ማኅደር የተቀመጡ ፋይሎችን በየተራ አንብቦ በአንድ ሠንጠረዥ ያከማቻል። ይህም የሚሆነው ሁሉም ትምህርት ቤቶች አንድ ዐይነት የዐምድ ስም በአንድ ዐይነት ፊደል ከጻፉ ብቻ ነው።

በመጨረሻም መሣሪያው ራሱ ወሰን እንዳለው አይዘነጋ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 በእንግሊዝ አገር 15,841 የኮቪድ-19 ሕመምተኞች መረጃ በጊዜው ሳይመዘገብ የቀረው፣ መረጃው ከ65,536 ረድፍ በላይ በማይዝ በቀድሞው የኤክሴል ፋይል ዐይነት ይተላለፍ ስለ ነበረ ነው። የአዲሱ ፋይል ዐይነት ወሰን 1,048,576 ረድፍ ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት ይህ ከበቂ በላይ ሲሆን፣ ለክልልና ለአገር አቀፍ መረጃ ግን ስፕሬድሺት የመረጃ ቋትን ሊተካ አይችልም።

9. ማጠቃለያና አስተያየት

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ የሚያመለክተው የትምህርቱ ቅደም ተከተል መለወጥ እንዳለበት ነው። የስፕሬድሺት ትምህርት በተለመደው አቀራረቡ በሕዋስ አድራሻ ይጀምራል፤ ከዚያ ወሰንን ይዞ መደመርን ያስተምራል፤ ሠንጠረዥን መሰየም ጊዜ ከተረፈ በመጨረሻ ያነሣል። ሠልጣኙ መምህር ግን አጥብቆ የሚይዘው በመጀመሪያው ሳምንት የለመደውን ነው። ስለሆነም ለመምህራን ማሠልጠኛ የሚከተለው ቅደም ተከተል የተሻለ ይሆናል።

ሀ) በመጀመሪያ መዝገብን ማዋቀር፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ረድፍ፣ ለእያንዳንዱ መረጃ አንድ ዐምድ፣ በመካከል ባዶ ረድፍም የተዋሐደ ሕዋስም ሳይኖር።

ለ) ቀጥሎ ማንኛውም ቀመር ከመጻፉ በፊት ሠንጠረዡን መሰየም፤ የዐምዶቹን ስም የፊደል አጻጻፍም ወረዳው በአንድ እንዲወስን ማድረግ።

ሐ) ከዚያ በስም መደመርን፣ አማካይ ማውጣትንና በመመዘኛ መቍጠርን ማስተማር።

መ) የሕዋስ አድራሻንና የዶላር ምልክትን ከዚህ በኋላ ማስከተል፤ አስፈላጊነታቸው አልቀረምና።

ሠ) ኢንዳይሬክትን የመሳሰሉትን ከነጉድለታቸው በመጨረሻ ማቅረብ።

ከእነዚህ ሁሉ ጋር አንድ ከኮምፒዩተር ውጭ የሚሠራ ማረጋገጫ አለ፤ ወጪውም ጥቂት ደቂቃ ነው። ሮውስ የተባለው ትእዛዝ የአንድን ሠንጠረዥ የረድፍ ብዛት ይናገራል። የክፍል ኀላፊው በየወሩ መጀመሪያ ይህን ቍጥር በወረቀት ላይ ጽፎ ወደ ክፍሉ ይግባ፤ ስም ይጥራ፤ በወንበር ላይ ያሉትንና በታወቀ ምክንያት የቀሩትን ይቍጠር። ሁለቱ ቍጥሮች ካልተስማሙ የሚታረመው ፋይሉ ነው። ውጤቱ ወደ ወረዳ የሚላከውም ከእርማቱ በኋላ ይሁን።